በጥቂት ገንዘብ የብረት ብስክሌት ስለ መግዛት

ከጉብሬ ወደ ወልቂጤ፣ ወይም በቡታጅራ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በሳምንት ብዙ ጊዜ የሚመላለስ ተማሪ ለታክሲና ለባጃጅ የሚከፍለውን ገንዘብ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ጽፎ ቢደምረው መደንገጡ አይቀርም። ከዚህ የተነሣ ብዙ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ብስክሌት ስለ መግዛት ይጠይቁናል። ጥያቄው መልካም ነው፤ የሚያሳዝነው ግን አብዛኛው ሰው የሚጠይቀን ከገዛ በኋላ መሆኑ ነው።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ወይ አባት ከእንሰቱ ጓሮ ማዶ ያለውን ባሕር ዛፍ ሸጦ የላከው ነው፤ ወይ መርካቶ የሚነግድ አጎት ለመስቀል አገር ሲገባ በእጅ ያስጨበጠው ነው፤ ወይም ተማሪው ራሱ ክረምቱን ሠርቶ ያጠራቀመው ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ በዓመት ሁለት ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ሊታወቅ የሚገባውን ነገር ባጭሩም ቢሆን ልንጽፍ ወደድን።

ምክራችንን አስቀድመን እንናገር። አካሉ ብረት የሆነ፣ ከኋላ ሞላ የሌለው፣ መንኰራኵሩ ባለ 26 ኢንች የሆነ የተራራ ብስክሌት ይገዛ፤ አሮጌም ቢሆን ግድ የለም። ቸርኬው ግን አሉሚንየም ይሁን። ገንዘቡም በአንድ ቀን ሁሉ አይለቅ። ይህን ያልንበትን ምክንያት ለመረዳት መጀመሪያ መንገዳችንን ማየት ያስፈልጋል።

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጅማ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከእርሷ አልፎ መንገዱ ወደ ግቤ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። ቡታጅራ ደግሞ በሌላው አቅጣጫ፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከፍታው ከ3700 ሜትር በሚበልጠው በዘቢዳር ተራራ ግርጌ ተቀምጣለች። የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገንዘቡን አዋጥቶ የመንገድ ሥራ ድርጅት እስከ ማቋቋም የደረሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አገሩ ለመንገድ አይመችም። ዛሬ ዋናው መንገድ አስፋልት ነው። ከዋናው መንገድ ሲታጠፉ ግን ኮብልስቶን አለ፤ ኮብልስቶኑ ሲያልቅ ገረጋንቲ ይመጣል፤ ገረጋንቲው ሲያልቅ ደግሞ በክረምት ጫማ የሚያወልቅ ጭቃ ነው። እንግዲህ ብስክሌቱ እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን ሊችል ይገባዋል። ቀጭን ጎማ ያለው የእሽቅድምድም ብስክሌት በኮብልስቶን ላይ ጥርስ ያራግፋል፤ ያለ ማርሽ የሚነዳው የድሮው ዓይነት ትልቅ ብስክሌት ደግሞ ለባሕር ዳርና ለሐዋሳ ሜዳ እንጂ ለእኛ ዳገት አልተሠራም። ስለዚህ የሚቀረን በየሰፈሩ ‹ማውንቴን› የሚባለው ነው።

ማውንቴን የሚባለው ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ጨርሶ ሞላ የለውም፤ ሁለተኛው በፊት ሹካው ላይ ብቻ ሞላ አለው፤ ሦስተኛው ከፊትም ከኋላም ሞላ አለው። ሱቅ ውስጥ ዓይን የሚስበው ሦስተኛው ነው። ርካሽ ከሆነ ግን ከሁሉ የከፋው እርሱ ነው። ብስክሌቱ ወገቡ ላይ ተቆርጦ በማጠፊያ የተያያዘ ስለ ሆነ ማጠፊያው ሲበላ የኋላው መንኰራኵር እንደ ውሻ ጅራት ይወዛወዛል፤ የሚተካውም ዕቃ በእኛ ከተማ አይገኝም። በዚያም ላይ ዳገት ሲወጣ የተማሪው ጉልበት እኩሌታው ሞላውን ለማስነጠስ ይውላል። ከምናውቃቸው ተማሪዎች አንዱ እንዲህ ያለውን አዲስ ብስክሌት ከአንድ ሱቅ ገዝቶ ሦስት ወር ሳይሞላው ማጠፊያው ላላበት፤ ሦስት ጠጋኞች አይተው መለሱለት። ብስክሌቱ ዛሬ አልጋው ሥር ተኝቷል፤ ልብስ ማድረቂያ ሆኖም እያገለገለ ነው ይባላል።

የፊቱን ሞላ በሚመለከት አንዳንድ ጓደኞቻችን አይስማሙንም። ጥሩ ሞላ ጥሩ ነገር መሆኑን አንክድም። ነገር ግን በርካሹ ሹካ ውስጥ ያለው ተራ ጥቅል ሽቦ ብቻ ነው፤ ንዝረቱን የሚያበርድ ዘይት የለውም፤ ክብደቱ ከሁለት ኪሎ ያልፋል፤ አንድ ክረምት ጭቃ ከጠጣ በኋላም ዝጎ ይደርቃል። አንድ ዓይነት ብስክሌት ሞላ ባለውና ሞላ በሌለው የብረት ሹካ ቢቀርብልን እኛ ሞላ የሌለውን እንወስዳለን፤ ለንዝረቱ ወፈር ያለ ጎማ ይበቃል። ሆኖም በገበያ የተገኘው ሞላ ያለው ከሆነና ፍሬን ተይዞ መሪው ሲጫኑት ያለ መንኳኳት ወርዶ የሚመለስ ከሆነ እርሱን ብቻ ብሎ ግዢውን መተው አይገባም።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። ለምን ብረት? አሉሚንየም እኮ ቀላል ነው፤ የአንድ መጠን ብረት ክብደት ከአሉሚንየሙ ሦስት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። የምሕንድስና ተማሪዎች ግን እንደሚያውቁት ብረት ላለመተጣጠፍ ያለው ጥንካሬም እንዲሁ የአሉሚንየም ሦስት እጥፍ ያህል ነው፤ ስለዚህ የብረቱ ቧንቧ ቀጭን፣ የአሉሚንየሙ ወፍራም ይሆናል፤ ክብደታቸውም የሚታሰበውን ያህል አይራራቅም። ዋናው ልዩነት ሌላ ላይ ነው። ብረት ከተወሰነ ልክ በታች የሆነ ጫና ስንት ሺህ ጊዜ ቢመላለስበት አይሰለችም። አሉሚንየም ግን እንዲህ ያለ ልክ የለውም፤ እያንዳንዱ የኮብልስቶን ነቀነቃ በሒሳቡ ላይ ይጻፍበታል፤ አንድ ቀንም ሒሳቡ ሲሞላ ይሰነጠቃል። በደንብ የተሠራ አሉሚንየም ይህ ቀን እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይቆያል። በርካሽ የተሠራው፣ በዚያም ላይ ታሪኩ የማይታወቅ አሮጌ ሲሆን ግን የሒሳቡ ቀሪ ስንት እንደ ሆነ ማን ይነግረናል? ብረት ሲደክም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ይናገራል፤ ቀለሙ ይላጣል፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያሳያል፣ ይጣመማል።

ብረትም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ተራው ብረት አለ፤ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ተቀላቅሎበት ‹ክሮሞሊ› የሚባለውም አለ። ሁለቱ የመተጣጠፍ ልካቸው አንድ ሲሆን ክሮሞሊው ለመሰበር በጣም ስለሚያስቸግር ቧንቧው ሳስቶ ሊሠራ ይችላል፤ ብስክሌቱም ይቀላል። ባለ ተራ ብረት ብስክሌት ከ15 እስከ 18 ኪሎ ቢመዝን አያስደንቅም። ከአሮጌዎቹ መካከል ኮርቻው ሥር ባለው ቧንቧ ላይ ክሮሞሊ የሚል ወይም 4130 የሚል ጽሑፍ የተገኘበት ሰው ዕድለኛ ነው፤ ሻጩ ሳያስተውል ዋጋውን ይጨርስ። ይሁንና ጽሑፍ በወረቀት የሚለጠፍ ነገር ስለ ሆነ ያለ ምርመራ አይታመን። የታወቀ የውጭ ስም የተለጠፈበት ሁሉ የዚያ ፋብሪካ ሥራ አይደለም።

ብረት ለእኛ የሚሻልበት ሌላው ምክንያት ብየዳ ነው። በወልቂጤም በቡታጅራም የበርና የመስኮት በያጅ ያልተከፈተበት መንገድ ጥቂት ነው። የተሰነጠቀ የብረት አካል እዚሁ ይጠገናል፤ አሉሚንየም ግን ልዩ መሣሪያ ከመፈለጉም በላይ በብየዳው ሙቀት ጥንካሬውን ያጣል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የብስክሌት ቧንቧ ሳሳ ያለ ስለ ሆነ የበር በያጅ በኤሌክትሪክ ብየዳው ሊበሳው ይችላል። የጋዝ ብየዳ ያለው፣ በናስ የሚያያይዝ ሰው ቢፈለግ ይሻላል፤ የናሱ ሙቀት ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ቧንቧውን አይጎዳውም። ፊት ለፊት፣ መሪው በሚገባበት ቧንቧ አጠገብ የተሰበረ አካል ግን በማንም እጅ ቢበየድ ቁልቁለት ላይ ባንታመነው ይሻላል።

የብረት ጠላት ዝገት ነው፤ የሚበላውም ከውስጥ ነው። ሲገዛ ኮርቻውን ከነእንጨቱ መንቀል (እንጨት የምንለው ኮርቻውን የተሸከመውን ቧንቧ ነው)፣ ብስክሌቱን መገልበጥና የሚወጣውን ማየት ነው። ውኃ ከወጣ ይመከርበት፤ ቅርፊት የመሰለ ዝገት ከረገፈ ይቅር። የኮርቻው እንጨት ተጣብቆ አልነቀልም ካለም ዋጋ የሚያስቀንስ ጉድለት ነው። ከገዙ በኋላ ከጋራዥ ጥቂት የተቃጠለ ዘይት ለምኖ በቧንቧው ውስጥ አፍስሶ ብስክሌቱን እያገላበጡ ማዳረስ ለብዙ ክረምት ይጠቅማል። አንድ ሁለት ቀን ያንጠባጥባል፤ ዶርም ውስጥ ባይደረግ ይመረጣል።

ከዚህ በላይ አካሉ ብረት ይሁን ብለን ቸርኬው አሉሚንየም ይሁን ማለታችን እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ምክንያቱ ዝናብ ነው። አብዛኛው ርካሽ ብስክሌት የሚቆመው ሁለት የላስቲክ ጫማዎች ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ ቆንጥጠው ሲይዙት ነው። የሚያብረቀርቀው የብረት ቸርኬ ሲረጥብ እንደ መስታወት ይንሸራተታል፤ ፍሬኑም የመያዝ ኃይሉን አብዛኛውን ያጣል። በደረቅ ቀን አምስት ሜትር ላይ የቆመው ብስክሌት በሐምሌ ዝናብ ተማሪውን ይዞ መስቀለኛ መንገዱን ያልፋል፤ በመስቀለኛ መንገዱ ደግሞ የጅማ ከባድ መኪና እየመጣ ሊሆን ይችላል። የአሉሚንየም ቸርኬ ሲረጥብ ትንሽ ይሰንፋል እንጂ እንዲህ አይከዳም። ይህን ለማወቅ ዕውቀት አያስፈልግም፤ ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣች ትንሽ ማግኔት በኪስ ይዞ መሄድ ይበቃል። ማግኔቷ አካሉ ላይ ስትጣበቅና ቸርኬው ላይ ስትወድቅ የምንፈልገው ብስክሌት ተገኝቷል ማለት ነው። በእኛ አስተያየት ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ ብቻ ባይረሳ እንወዳለን።

የዲስክ ፍሬንስ? የሚሉን አሉ። በጭቃ ጊዜ ዲስክ የተሻለ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በርካሽ ብስክሌት ላይ የሚታሰረው ደካማ ነው፤ የፍሬን ሸራውም ዓይነቱ ብዙ ስለ ሆነ ያለቀውን የሚመስል ለማግኘት አዲስ አበባ ድረስ መላክ ያስፈልጋል። የላስቲክ ጫማውና የፍሬኑ ሽቦ ግን እዚሁ በቅርብ ይገኛሉ። ሌላም አለ፤ አሮጌ ብስክሌት ከልዩ ልዩ አገር ስለሚመጣ የፊቱ ፍሬን በየትኛው እጅ እንደ ሆነ ሳይሞከር አይነዳ። በጃፓን ልማድ የፊቱ በቀኝ ነው፤ በአሜሪካ በግራ። ከሁለቱ ፍሬኖች አጥብቆ የሚያቆመው የፊቱ መሆኑንም ብዙ ሰው አያውቅም፤ ወደ ፊት እገለበጣለሁ ብሎ ስለሚፈራው የኋላውን ብቻ ይይዛል፤ የኋላውም ብቻውን ቁልቁለት አይችልም።

ባለ 26 ኢንች ያልነው ለገበያው ብለን ነው። አዳዲሶቹ ብስክሌቶች 27.5 እና 29 ኢንች ሆነዋል፤ ምንም ክፋት የለባቸውም። ነገር ግን ጎማ ሲቀደድ ወይም ካላማዳሪ ሲፈነዳ በየትንሹ ሱቅ ተንጠልጥሎ የሚታየው ባለ 26 ነው። ጎማው ጎን ላይ 26 በ1.95 ወይም ለዚህ የቀረበ ቁጥር ቢነበብ ለኮብልስቶንም ለገረጋንቲም ይስማማል።

ስለ ማርሽ ሻጩ ‹ባለ 21 ነው› ሲል መደነቅ አያስፈልግም። የሚጠቅመው ብዛቱ ሳይሆን ትንሹ ማርሽ ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ ነው። ከፊት ያለው ትንሹ ክብ ስንት ጥርስ እንዳለው፣ ከኋላ ያለው ትልቁ ክብ ስንት እንዳለው ይቆጠር። ከፊት 28 ከኋላም 28 ከሆነ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ባለ 26 ኢንቹ መንኰራኵር አንድ ጊዜ ዞሮ 2 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከፊት 22 ከኋላ 28 ከሆነ ወደ 1.6 ሜትር ይወርዳል፤ ይህ ዳገት ያስወጣል። ከፊት 44 ከኋላ 18 ብቻ ያለው የድሮ ትልቅ ብስክሌት ግን በአንድ ዙር ከ5 ሜትር በላይ ካልሄድሁ ይላል፤ ከቡታጅራ ወደ ዘቢዳር አቅጣጫ በእርሱ የሚወጣ ሰው ካለ ለኦሊምፒክ ይታጭ። (ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ለኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን፣ በ1960ም በሮም ተሰልፏል፤ ስለዚህ ቀልዳችን መሠረት የሌለው አይደለም።)

ቁመትን በሚመለከት፣ ከአግዳሚው ቧንቧ በላይ ሁለቱን እግር መሬት አድርጎ ሲቆሙ ሦስት አራት ጣት ክፍተት ይኑር። ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ተረከዝ ታች በደረሰው ፔዳል ላይ ሲያርፍ ጉልበቱ ይዘርጋ፤ ለዚህ ሲባል እንጨቱ ላይ ከተሰመረው የመጨረሻ ምልክት በላይ መምዘዝ ካስፈለገ ብስክሌቱ ትንሽ ነው። ለእኅቶቻችን አግዳሚው ዝቅ ብሎ የተሠራ አለ፤ በቀሚስም ይመቻል። በመንገድ የሚስቅባቸው ሰው ቢያጋጥማቸው ዳገቱ ላይ ጥለውት ይለፉ።

አሮጌ ሲገዛ የሚደረገው ምርመራ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የፔዳሉን ሁለት ክንዶች ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መግፋት ነው፤ ከተንቋቋ እንዝርቱ የሚዞርበት ኩሽኔታ አልቋል፤ ይጠገናል፣ ግን ዋጋ ይቀነስ። መንኰራኵሩን አንሥቶ ማዞር ነው፤ ቸርኬው በፍሬኑ ጫማ አጠገብ ሲያልፍ ከተወላገደ ሽቦዎቹ ላልተዋል ወይም ቸርኬው ተመትቷል። ከኋላ ቆሞ በአንድ ዓይን ማየት ነው፤ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር ካልተሸፋፈኑ አካሉ ተጣሟል፤ ይህን አይግዙ። ካቴናውን ለመመርመር የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። ከአንዱ ሚስማር መካከል ተነሥቶ ቀጣዮቹን 20 ሚስማሮች ቆጥሮ መለካት ነው፤ አዲስ ካቴና 25.4 ሴንቲሜትር ይሆናል። ከ25.5 ካለፈ መለወጫው ደርሷል። ወደ 25.7 ከቀረበ ጥርሶቹም አብረው ስለ ተበሉ አዲስ ካቴና ቢገባበት ይዘልላል፤ ስለዚህ የሁለቱም ዋጋ ከሻጩ ላይ ይቀነስ። ማስመሪያ ይዞ የመጣ ገዢ ያየ ሻጭ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋውን ሳይጠየቅ ዝቅ ያደርጋል።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ይህን ያህል ብር ይበቃል ብለን አንጽፍም። አከፋፈሉን ግን እንናገራለን። ከተያዘው ገንዘብ ከአሥር ሰባቱ እጅ ለብስክሌቱ ይዋል፤ ሁለቱ እጅ ለፍሬን ጫማና ሽቦ፣ ለካቴና፣ ለጎማና ለግራሶ ይቀመጥ፤ አንዱ እጅ ለቁልፍ፣ ለመንፊያና ለመብራት። 10000 ብር የያዘ ተማሪ ማለት ባለ 7000 ብር ብስክሌት ፈላጊ ነው። ገንዘቡን ሁሉ ለሻጭ ሰጥቶ በተበላ ፍሬን የሚነዳ ሰው ርካሽ ገዛ አይባልም። ጥሩው የመግዣ ጊዜ ደግሞ የምረቃ ሰሞን ነው፤ ተመራቂ ሻንጣና መጽሐፍ ተሸክሞ ብስክሌት መሸከም አይወድም።

ከማያውቁት ሰው ሲገዙ ፔዳሉ በሚዞርበት ወፍራም ቧንቧ ሥር የተመታውን ቁጥር አይቶ በውሉ ላይ መጻፍ፣ ምስክሮችም ማስፈረም ያስፈልጋል። ቁጥሩ በሞረድ ከተፋቀ ብስክሌቱ የሰው ነው፤ ምንም ቢረክስ መተው ነው።

ከመርካቶ ገዝቶ በአውቶቡስ ጣራ የሚያስመጣ ሰው ዋጋ ያተርፋል፤ ነገር ግን የኋላው ማርሽ መቀያየሪያ በዕቃ ሥር ተጭኖ ሊጣመም ይችላል። ስለዚህ ማርሽ ያለበት የቀኙ ጎን ወደ ላይ ሆኖ ይጫን፤ ፔዳሎቹም ተፈትተው በከረጢት ይግቡ። የቀኙ ፔዳል እንደ ማንኛውም ብሎን ይፈታል፤ የግራው ግን ጥርሱ የተገላቢጦሽ ስለ ሆነ በሰዓት አቅጣጫ ሲያዞሩት ነው የሚፈታው። ይህን ባለማወቅ ብዙ የፔዳል ክንድ ጥርሱ ተልጧል። ብስክሌቱ ደርሶ ሁለት ሳምንት በኮብልስቶን ላይ ከተነዳ በኋላ ብሎኑና ዳዶው ሁሉ፣ በተለይም የፔዳሉ ክንድና የመሪው፣ ከቸርኬው ሽቦዎች ጋር አንድ ጊዜ ተፈትሾ ይጥበቅ።